ርካሹ ጨርቅ የሚያከስርበት ጊዜ

መርካቶ ጨርቅ ልትገዛ የገባች ጀማሪ ልብስ ሰፊ አስቀድማ የምትጠይቀው «ሜትሩ ስንት ነው?» ብላ ነው። ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፣ እሷም ታስቀንሳለች፣ ጣቃው ተዘርግቶ ይለካል። የጨርቁ ወርድ ስንት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂም ነጋሪም አያገኝም። የጀማሪዋ የመጀመሪያ ኪሳራ የሚጀምረውም እዚሁ፣ ገና መቀስ ሳይነሳ ነው።

ጥቂት ጎረቤታሞች እቁብ ጥለው አንድ የስፌት መኪና በመግዛት በጋራ መሥራታቸው አዲስ ነገር አይደለም። መኪናን በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ መግዛት ራሱ ከመኪናው ጋር እኩል የቆየ ዘዴ ነው። የአሜሪካው ሲንጀር ኩባንያ ዋጋው ለተራ ቤተሰብ ከብዶ ስላገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በእኛ ዘንድ ይህንኑ ሥራ እቁቡ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ መኪናው ከተገዛ በኋላ የማኅበሩን ዕድሜ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሥራዎች ናቸው። በእነሱ ከከሰረ መኪናው ይሸጣል፣ አባላቱም ተኳርፈው ይበተናሉ።

ከቀላሉ መጀመር

ልምድ ያላቸው ሰፊዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራ ጨርቅ የለበትም። ከመኪናው ላይ ክሩ ይወጣና መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ከመርፌው ሥር ይገባል። ጀማሪዋ መስመሩን ሳትለቅ ከዳር እስከ ዳር መንዳት እስክትችል ድረስ ወረቀት ትወጋለች። ወጪው አንድ ያረጀ መርፌና የተጻፈበት ደብተር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የትራስ ልብስ ነው። ሁሉም ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ አፉ ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ክዳን ስለሚዘጋም ዚፕና ቁልፍ አይፈልግም። ሦስተኛው የጨርቅ ከረጢት ሲሆን ማዕዘን ማዞርንና እጀታ አጠንክሮ መስፋትን ያስተምራል። አራተኛው ሽርጥ ነው፤ የብብቱ ጎባጣ ጠርዝና ኪሱ ለጀማሪ የመጀመሪያው ፈተና ናቸው። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ዚፕ፣ ኮሌታና እጅጌ የሚመጡት ደግሞ እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ከረጢቱ ገበያም አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፌስታል አጠቃቀምን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል። ፌስታል ሲወጣ በቦታው የሚገባ ዕቃ ያስፈልጋል፤ የጨርቅ ከረጢት ደግሞ የሁለት ሳምንት ጀማሪ የምትሠራው ነገር ነው።

የወርዱ ሒሳብ

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። 50 በ70 ሴንቲሜትር ለሆነ ትራስ ልብስ እንሥራ። ለግራና ለቀኝ ስፌት አንዳንድ ሴንቲሜትር ሲጨመር ወርዱ 52 ይሆናል። ቁመቱ የፊትና የኋላው ሁለት ጊዜ 70፣ የክዳኑ 20፣ የሁለቱ ጫፎች እጥፋት 5 ተደምሮ 165 ሴንቲሜትር ነው።

አሁን ሁለት ጨርቆች ቀረቡ እንበል። አንደኛው ወርዱ 150 ሴንቲሜትር፣ ሜትሩም 200 ብር ነው። ሁለተኛው ወርዱ 160 ሴንቲሜትር፣ ሜትሩም 240 ብር ነው። ጀማሪዋ ያለ ጥርጥር ባለ 200 ብሩን ታነሳለች።

ከ150ው ጨርቅ በ1 ሜትር ከ65 ላይ የሚወጣው ሁለት የትራስ ልብስ ነው፤ 46 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ይተርፋል። የአንዱ ጨርቅ ብቻ 165 ብር ይፈጃል። ከ160ው ግን በዚያው ቁመት ሦስት ይወጣል፤ የአንዱ ጨርቅም 132 ብር ነው። «ውድ» የተባለው ጨርቅ በእያንዳንዱ የትራስ ልብስ ላይ 33 ብር አተረፈ ማለት ነው። የገበያው ዋጋ ቢለያይም የስሌቱ መንገድ አይለወጥም። ሌላ ልኬት ሲያዝ ደግሞ 150ው የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጀማሪዋ ወደ ገበያ ስትወጣ የምትሰፋውን ልኬት በወረቀት ይዛ መውጣት፣ ከዋጋው በፊትም ወርዱን መጠየቅ ይኖርባታል።

ሌላው የተደበቀ ወጪ የጨርቁ መሰብሰብ ነው። አቡጀዲን የመሰለ ንጹሕ ጥጥ በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባል። ከጣቃው ጫፍ 20 በ20 ሴንቲሜትር ቆርጦ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ከደረቀ በኋላም መተኮስና መለካት ይበቃል። 20 የነበረው 19 ከሆነ ጨርቁ ከመቶ አምስት ሰብስቧል፤ 70 ሴንቲሜትር የነበረው የትራስ ልብስም 66 ከግማሽ ይሆናል። ትራሱ አልገባ ያላት ደንበኛ ሁለተኛ አትመለስም። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ የሚሰበስበው በጣም ያነሰ ነው። የማኅበር ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ አንዷ የሞከረችውን ሌሎቹ ሳይከስሩ ያውቁታል። ከእያንዳንዱ ጣቃ የተሞከረችውን ቁራጭ ከነውጤቷ ደብተር ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ ለማኅበሩ ትልቅ ሀብት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

የስፌት ብልሽት አስቀድሞ ይናገራል። የታችኛው ክር ከላይ ብቅ ካለ የላይኛው ክር በጣም ጠብቋል ማለት ነው። ከሥር በኩል ክሩ ከተንዘላዘለና ከተጠላለፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከላይ፣ ክሩ በመንገዱ በትክክል ባለመግባቱ ነው። ስፌቱ እየዘለለ ከሄደ መካኒክ ከመጥራት በፊት መርፌ መቀየር ይቀድማል። ለፖፕሊንና ለመሰል መካከለኛ ጨርቅ 90 ቁጥር፣ ለጂንስ 100 ቁጥር መርፌ ይስማማል። መኪናው ዘይት ከጠጣ በኋላ መጀመሪያ የሚሰፋው ብጣሽ ጨርቅ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የደንበኛ ዕቃ ይበላሻል። የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቁረጥበት። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በካውያ ይተኮስ። የሱቅ ዕቃንና የቤት ዕቃን አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ይኸው ካውያ ነው።

ቀብዱ ይቆይ

ማኅበራትን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው የመስከረም ገበያ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ትእዛዝ ይመጣል፣ ቀብዱም ያጓጓል። ዩኒፎርም ግን ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ዚፕና የብዙ ልጆች ልኬት ያለበት ሥራ ነው፤ የማይታለፍ ቀንም አለው። ከሽርጥ ያላለፈ ማኅበር ቀብድ ተቀብሎ ካላደረሰ የሚመልሰው ገንዘብ ጨርቁ ላይ ውሏል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ ዋጋ የብርን አቅም ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ፣ ዛሬ በተነጋገሩበት ዋጋ ከሁለት ወር በኋላ ማስረከብ አደጋ አለው። መፍትሔው ቀብዱን በተቀበሉበት ዕለት ጨርቁን መግዛት፣ ካልሆነም ትእዛዙን አለመቀበል ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የራስን ሰዓት አለመቁጠር ነው። ጨርቁንና ክሩን ደምራ የሸጠች ሴት አተረፍሁ ብትልም፣ ቀኑን ሙሉ በነፃ መዋሏን ደብተሩ አያሳይም። የእያንዳንዱ ዕቃ የጉልበት ዋጋ ከትርፉ ተለይቶ ካልተጻፈ አባላቱ ገንዘብ ሲከፋፈሉ ጠብ አይቀርም።

ለጨርቅ ነጋዴውም የምንለው አለን። በጣቃው ላይ ከሜትሩ ዋጋ ጎን ወርዱን መጻፍ የሚያስወጣው አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። የዛሬዋ የሦስት ሜትር ገዢ ሒሳቧ ከተቃናላት ነገ ጣቃ የምትገዛ ደንበኛ ናት። ከከሰረች ግን መኪናዋንም ሸጣ ከገበያው ትወጣለች።