ሳንባን ከፍቶ የሚያቆየው ስስ ሽፋን

በውሃ ውስጥ ያለን ሞለኪውል ጎረቤቶቹ ከየአቅጣጫው ይስቡታል። ገጹ ላይ ያለው ግን ከላይ የሚስበው ስለሌለ ወደ ውስጥ ይጎተታል። ጠብታ የሚድቦለቦለው፣ የውሃ ገጽ ሁልጊዜ ለመጥበብ የሚታገለውም ለዚህ ነው። ፊዚክስ ይህን የገጽ ውጥረት ይለዋል።

ይኸው ኃይል በደረታችን ውስጥ ከባድ አደጋ ነው። የሳንባ የአየር ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ በጣም ጥቃቅን ናቸው፣ ውስጣቸውም እርጥብ ነው። እርጥበቱ ሊጠብ ሲታገል ከረጢቱን ይጨምቀዋል። የከረጢቱ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ሽፋኑ ንጹሕ ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ አየር ባስወጣን ቁጥር ብዙዎቹ ከረጢቶች ተጨማደው ይዘጉ ነበር።

የሚታደጋቸው ሰርፋክታንት ነው። የሚያመነጩት የከረጢቶቹ ግድግዳ ሕዋሳት ናቸው፤ አብዛኛው ስብ፣ ጥቂቱ ፕሮቲን ነው። የስቡ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ስለዚህ ገጹ ላይ ተደርድሮ የውሃውን መሳሳብ ያላላል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ አየር ስናወጣ ከረጢቱ ሲጠብ የስቡ ሞለኪውሎች ይጠጋጋሉ፣ ውጥረቱም ወደ ዜሮ ይቀርባል። ጥበቃው የሚበረታው ልክ አደጋው ሲቃረብ ነው።

ፅንስ በቂ ሰርፋክታንት የሚኖረው በ35ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ቀድሞ የተወለደ ሕፃን የተዘጉትን ከረጢቶች በየትንፋሹ እንደገና መክፈት ይኖርበታል። ያቃስታል፣ የጎድኑ መካከል ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻም አቅም ያጣል። ምክንያቱ የሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን ተመራማሪዎቹ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳዩ። ማወቁ ግን ወዲያው መድኃኒት አልሆነም፤ በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ሕመም በተወለደ በሁለት ቀኑ ሞተ። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት በቱቦ ወደ ሕፃናት ሳንባ ሰጥቶ ውጤቱን ያሳወቀው በ1980 ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ግኝት የኒውዚላንዶቹ ተመራማሪዎች የሊጊንስና የሃዊ ነው። በ1972 ለእናትየው የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የፅንሱን ሳንባ ቀድሞ እንደሚያበስል አረጋገጡ። መርፌው ርካሽ ነው፤ ሕፃኑም የራሱን ሰርፋክታንት ያመርታል። በደንብ እንዲሠራ ግን ከወሊድ በፊት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ምጥ ያለ ጊዜው የጀመራት እናት ሐኪም ቤት የምትደርስበት ሰዓት ይህን ያህል ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።