የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር አመራር በኢትዮጵያ

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር አመራር ማለት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መምህራን ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ሥራ ሁኔታቸውና ስለ አካዳሚክ ነፃነታቸው እንዲናገሩላቸው ከመካከላቸው የሚመርጧቸው ሰዎች ናቸው። ኃላፊነቱ በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ነው፤ ተመራጩ ማስተማሩን፣ ፈተና ማረሙን፣ የተማሪዎችን ጥናት ማማከሩንና ምርምሩን ሳይተው የማኅበሩን ሥራ ይደርብበታል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ኃላፊነት አንድ የተለየ ባሕርይ አለው። አባላቱ ከመሪያቸው የሠራተኛ ማኅበር ሥራ ይጠብቃሉ፤ ሕጉ ግን ለፋብሪካ ሠራተኞች መሪ የሚሰጠውን ሥልጣንና ጥበቃ ለእርሱ በዚያው መልክ አይሰጠውም።

ሕጋዊ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ ስለ ሠራተኞች መብት ይናገራል። የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ የእርሻ ሠራተኞች እንዲሁም ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው። ከአሠሪዎች ጋር በኅብረት መደራደርም በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ተካትቷል። ሆኖም በዚህ መብት የሚጠቀሙት የመንግሥት ሠራተኞች የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ እንዲወሰን አንቀጹ ለሌላ ሕግ ይተወዋል።

ዝርዝሩን የያዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም። በዚህ አዋጅ መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ የኅብረት ስምምነት ይደራደራል፤ የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለመሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ መሪዎችም ለድርድርና ለስብሰባ ከክፍያ ጋር ፈቃድ ያገኛሉ። ስለዚህ በግል ኮሌጅ ወይም በግል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ መምህር በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር ሊደራጅ ሲችል፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው የሥራ ባልደረባው ግን በሙያ ማኅበር ይደራጃል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር አሠሪውን ወደ ድርድር ጠረጴዛ የሚጠራበት የሕግ አንቀጽ አለው። የሙያ ማኅበር ሊቀ መንበር ግን በአብዛኛው የሚተማመነው በአባላቱ ብዛት፣ በአቤቱታው ጥራትና በሚያገኘው ሕዝባዊ ተደማጭነት ነው።

ታሪክ

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ሲሆን በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። መምህራን በየካቲት 1966 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን፣ ማለትም «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን ዕቅድ በመቃወምና የደመወዝ ጥያቄ በማንሳት ሥራ አቆሙ። ይህ የሥራ ማቆም አድማ ከታክሲ ነጂዎች አድማና ከወታደሮች እንቅስቃሴ ጋር ተዳምሮ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ካናወጡት ክስተቶች አንዱ ሆነ።

በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያደረጉት ሰላማዊ ሰልፍ በኃይል ከተበተነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ከእነርሱ አንዱ የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ነበሩ። ዶክተር ታዬ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት ይመሩ ነበር። በዚያው ዘመን ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ለመንግሥት ቅርብ የሆነ ሌላ ማኅበር በተመሳሳይ ስም ተቋቋመ፤ የነባሩ ማኅበር ገንዘብና ንብረትም የክርክር ጉዳይ ሆነ።

ዶክተር ታዬ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከአውሮፓ ሲመለሱ ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. በትጥቅ ሤራ ክስ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ1994 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት ዝቅ ሲያደርገው፣ አስቀድሞ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው ስለነበር ተፈቱ። እርሳቸው በእስር ላይ ሳሉ ማኅበሩን ከሚመሩት አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ስለ ማኅበሩ ስም የተነሣው ክርክር በ2000 ዓ.ም. በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በነባሩ ማኅበር ላይ ተወሰነ። አባላቱ «ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር» በሚል አዲስ ስም ለመመዝገብ ቢጠይቁም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ጉዳዩ እስከ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ድረስ ደርሷል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን 87ኛውን እና የኅብረት ድርድርን የሚመለከተውን 98ኛውን የድርጅቱን ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በበርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ መምህራን የደመወዝ ማስተካከያ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በኑሮ ውድነት የተነሣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንኳ አይበቃም የሚለው አቤቱታ የዚያ እንቅስቃሴ ዋና ጉዳይ ነበር።

ሥራው

የማኅበሩ አመራር በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሊቀ መንበር፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር ይኖሩታል። የዕለት ተዕለት ሥራው ከአደባባይ ንግግር ይልቅ የጽሕፈት ቤት ሥራን ይመስላል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ የአባላትን መዋጮ መመዝገብ፣ በዲሲፕሊን የተከሰሰን መምህር ማማከር፣ የታገደን የደረጃ ዕድገት መከታተል።

ጠቃሚው ነጥብ ጥያቄዎችን መለየት ነው። የደመወዝ ስኬል የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢፈልግ እንኳ ሊለውጠው አይችልም። በአንጻሩ የማስተማር ጭነት አደላደል፣ ከመደበኛ ጭነት በላይ ለተሠራ ሥራ የሚከፈለው የኦቨርሎድ ክፍያ በወቅቱ መድረሱ፣ የሰርቪስ መኪናና የመኖሪያ ቤት አመዳደብ በግቢው ውስጥ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው። ሁለቱን የሚያደባልቅ አመራር በመጀመሪያው ሲሸነፍ በሁለተኛው ማግኘት የሚችለውንም ያጣል።

በወላይታ

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዋናው ግቢ ሌላ በሶዶ ከተማ የኦቶና ግቢ፣ በዳውሮም የታርጫ ግቢ ነበሩት። ግቢዎች በተራራቁበት ዩኒቨርሲቲ አባላትን በአንድ ጉባኤ ማሰባሰብ ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ የሆስፒታል ሐኪም የሆነ መምህርና የክፍል መምህር የሚያነሱት ጥያቄም ይለያያል።

የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከቦምቤ ጋር ማነጻጸሩ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የቦምቤ ትምህርት ቤት መምህር ደመወዙ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። ደመወዝ ሲዘገይ የማኅበሩ ተጠሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወረዳውን በር ነው፤ ወረዳው ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ጉዳዩ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየት ብዙ አቤቱታ ያስነሣ ጉዳይ ነበር። የሶዶው የዩኒቨርሲቲ መምህር በጀት ግን ከፌዴራል የሚመጣ ነው። ሁለቱ መምህራን በአንድ ገበያ አንድ ዓይነት ጤፍ በአንድ ዋጋ ይሸምታሉ፤ አቤቱታቸው የሚሄድበት መንገድ ግን አይገናኝም። የቦምቤው ተጠሪ ከሹሙ ጋር በአንድ ከተማ ስለሚኖር ሰሚውን በቀላሉ ያገኘዋል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ከጫናው የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

ኃላፊነቱን ለመውሰድ

በብዙ ማኅበራት ችግሩ የተፎካካሪ መብዛት ሳይሆን የተወዳዳሪ መጥፋት ነው። መምህራን ከዕጩነት የሚሸሹባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ጊዜ ማጣት፣ የትምህርት ዕድልና የደረጃ ዕድገት ይታጎልብኛል የሚል ስጋት፣ ከአስተዳደሩ ጋር በግል መጋጨት፣ ካለፈው ታሪክ የመጣ ፍርሃት። ከላይ የተጠቀሱት ሰዎች ዕጣ ፍርሃቱ ከባዶ እንዳልመጣ ያሳያል።

አደጋውን የሚቀንሱ ልማዶች አሉ። ሥራን ለአንድ ሰው አለመጫን፣ ጥያቄን በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኖ በቃለ ጉባኤ ማስፈር፣ ከአስተዳደር ጋር ለብቻ አለመነጋገር፣ ሒሳብን በየጊዜው ለአባላት ማሳወቅና የሥራ ዘመንን መገደብ ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በጉባኤ ያልተወሰነ ጥያቄ የአንድ ሰው ጠብ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል፤ የተወሰነና የተፈረመበት ግን የአባላቱ ሁሉ ነው። ዩኔስኮ በ1990 ዓ.ም. ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብም መምህራን በነፃነት የመደራጀትና በድርጅቶቻቸው በኩል የመደራደር መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የውሳኔ ሐሳቡ እንደ ስምምነት አስገዳጅ ባይሆንም የማኅበራት አመራሮች በደብዳቤያቸው ሊጠቅሱት የሚችሉት ሰነድ ነው።