በግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበር ድምፅ ማጉያ

ከአዳማ፤ ማለት ከቀድሞዋ ናዝሬት፤ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚያገኛት ከተማ መልካሳ ናት። በአካባቢዋ አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች በ1966 እና በ1971 ሥራ ጀምረዋል፤ የእርሻ ምርምር ማዕከሉም የተቋቋመው በ1969 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እንግዲህ ኤሌክትሪክ ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። አዲስ ሆኖ የመጣው በአዳማና በመልካሳ ቤት የሚሠሩ ወጣቶች የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ ይኸውም ሣጥኑ ሳይታይ፤ ሽቦው ሳይንዘላዘል፤ ሙዚቃ ከግድግዳው ውስጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ነገሩ ያምራል። ሳሎኑ ጠባብ ለሆነ ሰው ወለሉን ያተርፍለታል፤ ለሠርግ ድንኳን የተሠራውን ሞንታርቦ ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ ከማቆምም በእጅጉ ይሻላል። ነገር ግን ዕቃውን ለመግዛት ከመሄድ በፊት መመርመር ያለበት ግድግዳው ነው። ለምን ቢባል ምክንያቱን ከሥሩ እናስረዳለን።

በድምፅ ማጉያ ውስጥ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሾጣጣ ወረቀትም አየሩን ይገፋል። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን አሠራር በ1925 አስታወቁ፤ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ወረቀቱ ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ የተገናኙ እንደ ሆነ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በተለይም ወፍራሙ ድምፅ ከቶ አይሰማም። ሣጥን ያስፈለገውም ሁለቱን ለመለየት ነው። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ድምፅ ማጉያ ግን ሣጥኑ ግድግዳው ራሱ ነው። ግድግዳው መጥፎ ሣጥን ከሆነ የዕቃው ውድነት ምንም አይረዳም።

ይህ ዕቃ የታሰበው ለአሜሪካ ቤት ነው። በዚያ አገር የብዙው ቤት ግድግዳ ከእንጨት ቋሚዎች ተሠርቶ በጂፕሰም ሰሌዳ የተሸፈነ፤ መካከሉም ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ የሆነ ነው። በመጋዝ ቀዳዳ ከፍቶ ማስገባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የመልካሳ ግድግዳ እንዲህ አይደለም።

የጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚና በማገር ተያይዞ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት ስለሆነ ባዶ ቦታ የለውም። ማገሩን መቁረጥ ቤቱን ማድከም፤ ለምስጥም በር መክፈት ነው። ስለዚህ በጭቃ ቤት ውስጥ ይህን አሳብ መተው ይሻላል፤ ከመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥሩ ሣጥን በግማሽ ድካም የተሻለ ድምፅ ይሰጣል።

ብሎኬቱ ያታልላል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ብሎኬት አርባ ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሃያ ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፤ መካከለኛው ድምፅ ማጉያ የሚፈልገው ቀዳዳ ቁመቱ እስከ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ከአንድ ረድፍ በላይ መስበር፤ በብሎኬቱ ውስጥ ያሉትን ክፍልፋዮችም ማፍረስ ግድ ነው። ግድግዳው የአምዶቹ መሙያ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ሊታገሥ ይቻላል፤ ጣራውን ተሸክሞ የቆመ ከሆነ ግን ከቶ መነካት የለበትም። ይህ የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ለዘፈን ሲባል የቤትን ጉልበት መቀነስ ለእኛ ትርፍ ሆኖ አይታየንም።

ቤቱ ገና በመሠራት ላይ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ከልስኑ በፊት ግንበኛው ቦታውን ይተዋል፤ ኋላው የተዘጋ ሣጥን ይገባበታል። ይህ ሣጥን የብሎኬቱን አቧራና አይጥ ይከላከላል፤ ድምፁም በባዶው ብሎኬት በኩል ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት እንዳይሻገር ያግዛል። ሽቦው በራሱ ቱቦ ይሂድ፤ ከመብራቱ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ማስገባት አደገኛ ነው። ርቀቱ አሥር ሜትር ከሆነ፤ ስምንት ኦም ለሆነ ድምፅ ማጉያ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል። ከዚያ የቀጠነ ሽቦ የአምፕሊፋየሩን ኃይል በመንገድ ያስቀራል።

ኮርኒስ ላይ እናድርገው የሚሉም አሉ። ግድግዳ አይሰበርም፤ እውነት ነው። ሆኖም ከቆርቆሮው በታች ያለው አየር በመልካሳ ፀሐይ እንደ ምድጃ ይግላል፤ የወረቀቱ ጠርዝና ሙጫው ቶሎ ይደርቃሉ። ድምፁም ከራስ ላይ ስለሚወርድ ለጨዋታና ለቡና ሰዓት እንጂ ተቀምጦ ሙዚቃን በጥሞና ለመስማት አይስማማም። ለዚህኛው ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፤ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፤ ከአድማጩ እኩል መራቅ አለባቸው።

ስለ ግዢ አንድ ነገር እንጨምር። ነጋዴው ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ እንዲሁ በእጁ ይዞ ቢያሰማችሁ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚጠፋ መልካሙንም መጥፎ ያስመስለዋል። በሰሌዳ ወይም በሣጥን ላይ ተገጥሞ እንድትሰሙት ጠይቁ፤ አጥርታችሁ የምታውቁትንም ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወጣት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። ዛሬ መልካሳ ያለው ነገ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ አሰላ ሊዛወር ይችላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ግድግዳውን ለመብሳት መፍቀዱ አጠራጣሪ ነው፤ ቢፈቅድም በዝውውር ቀን ድምፅ ማጉያው ቢነቀል ቀዳዳው፤ ቢተው ገንዘቡ ይቀራል። እንዲህ ላለው ሰው የምንመክረው በሁለት እጅ ተነሥቶ መኪና ላይ የሚጫነውን ሣጥን ነው።