የመኖሪያ ዘመንና ዜግነት በኢትዮጵያ ሕግ

አንድ የውጭ አገር ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ሕግ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ በአገሩ የኖረበት ዘመን ነው። ዘመን በዓመት ስለሚቆጠር ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መቆየትና መኖር አንድ አለመሆናቸውን የኢትዮጵያ ሕግ ያስረዳል።

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አመልካቹ ቢያንስ አምስት ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ራሱንና ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር የሚችል፣ አማርኛን አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ፣ በወንጀልም ያልተቀጣ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። በ1926 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ግን ለአገር የሚጠቅም ሆኖ የተገኘውን ሰው የዘመኑና የቋንቋው ግዴታ ሳይፈጸም ለመቀበል ለመንግሥት ሥልጣን ሰጠ።

ይህን ሕግ የተካው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 378 ዘመኑን ወደ አራት ዓመት ዝቅ አድርጎ፣ ከአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን በቂ አደረገ። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ላገባ ሰው ደግሞ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው የአንድ ዓመት ኑሮ ይበቃዋል። ስለዚህ ዘመኑ የሚለካው ሰውየው ከኅብረተሰቡ ጋር መተሳሰሩን ለማወቅ ነው፤ ጋብቻ ይህን ትስስር ስለሚያስረዳ ዘመኑን ያሳጥረዋል።

አዋጁ ከአራቱ ዓመት ጋር መደበኛ መኖሪያን አጣምሮ ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከሦስት ወር በላይ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው በዚያ መኖሪያ እንዳለው ይቆጠራል፤ መደበኛ መኖሪያ የሚባለው ግን ሰው የሥራውና የጥቅሙ ዋና ስፍራ አድርጎ፣ ለዘለቄታው ለመኖር አስቦ የመሠረተው ቦታ ነው። ስለዚህ ለሥራ ውል መጥቶ ውሉ ሲያልቅ ሊመለስ ያሰበ ሰው፣ ዐሥር ዓመት ቢቆይም እንኳ፣ ዘመኑ ብቻውን አይበቃውም።

የዚህ ተቃራኒ በሻሸመኔ ይታያል። ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች መጥተው በዚያ ከሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ብዙዎቹ ለዘለቄታው ለመኖር ቢያስቡም ለአሥርት ዓመታት ያለ ዜግነት ኖረዋል። ሕጉ በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት ከወላጅ እንጂ ከትውልድ ቦታ ስለማያያይዘው፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው የውጭ ዜጋ የሆኑ ልጆች በዚያ በመወለዳቸው ብቻ ኢትዮጵያዊ አልሆኑም። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. መታወቂያ ሊሰጣቸው መወሰኑን ቢያስታውቅም፣ መታወቂያው የመኖር ፈቃድ እንጂ ዜግነት አልነበረም።

እንግዲህ የዘመን መሟላት የማመልከቻን በር ይከፍታል እንጂ በራሱ ዜጋ አያደርግም። ጎረቤት የአገር ሰው አድርጎ የተቀበለው ሰው በሕግ ፊት እንግዳ ሆኖ ሊኖር ይችላልና፣ የማኅበረሰብን አቀባበል የሚያጠና ሰው ሁለቱን መለየት ይገባዋል።