ያውቁ ኖሯል? ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ የሚይዝ ኮረንቲ

ባልቦላ ሰውን ኮረንቲ እንዳይዘው ተብሎ እንዳልተሠራ ያውቁ ኖሯል? ሥራው ሽቦ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል መከላከል ነው። በደረት ውስጥ የሚያልፍ 0.1 አምፔር የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል፤ የ10 አምፔር ባልቦላ ግን ይህን ያህሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለሰው ሕይወት የተሠራ ሌላ ብሬከር አለ። በአንዱ ሽቦ የሄደውና በሌላው የተመለሰው ኮረንቲ በ30 ሚሊአምፔር ከተለያየ ወዲያው ይቆርጣል። ቤት የሚያሠራ ሰው ይህን ብሬከር ሳያስገባ ባይገባበት እመርጣለሁ።

3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባልቦላው ደጋግሞ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ የሚተኩ አሉ፤ እባክዎ አያድርጉት! ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ በልክ የተመረጠች ናት። በወፍራም መዳብ ከተተካች የሚግለው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው መስመር ይሆናል፤ እሳቱም ማንም በማያየው ቦታ ይነሳል።

ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ሊይዝዎት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? 220 ቮልት የምንለው የሞገዱን ጫፍ አይደለም፤ ጫፉ 310 ገደማ ይደርሳል። ውስጡ ያለው ኮረንቲ አጠራቃሚ ካፓሲተር የሚሞላው እስከዚያ ጫፍ ሲሆን፣ ከተነቀለ በኋላም ለደቂቃዎች ይዞት ሊቆይ ይችላል። ጠንቃቃ ጠጋኝ እጁን ከማስገባቱ በፊት በሬዚስተር በኩል ያራግፈዋል፣ ከዚያም በቴስተር ይለካዋል። የካፓሲተሩን አናት ልብ ብለው ይዩት፦ ጤነኛው ጠፍጣፋ ነው፤ የተበላሸው ያብጣል፣ አንዳንዴም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል። አናቱ ላይ ያለው የመስቀል ጭረት ጋዙ በዚያ በኩል ወጥቶ ቆርቆሮው እንዳይፈነዳ የተሠራ ነው።

ሬዚስተር ላይ ያሉት ቀለማት ቁጥር ናቸው። ቢጫ 4፣ ሐምራዊ 7፣ ሦስተኛው ቀይ ደግሞ ሁለት ዜሮ፦ 4700 ኦም።

ነጭ የኤልኢዲ አምፖል በውስጡ ሰማያዊ ነው። ክዳኑን ሲያነሱ የሚያዩዋቸው ቢጫ ነጥቦች ሰማያዊውን ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫ የሚለውጡ ሽፋኖች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ተደባልቀው ለዐይናችን ነጭ ይሆናሉ። ቀዩ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ ደማቁ ሰማያዊ እስከ 1990ዎቹ አስጠብቋል። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ሰማያዊውን ኤልኢዲ በመሥራታቸው በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል፤ የሚገባቸው ሽልማት ነው።

በእጅ ሰዓትዎ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ የተመረጠው 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሲከፈል በትክክል 1 ስለሚሆን ነው።

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተወለደ። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጆን ባርዲን የፊዚክስ ኖቤልን በ1956 እና በ1972 ሁለት ጊዜ የወሰደ ብቸኛ ሰው ነው።

የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለምን እንደሚያጉረመርም ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የብረት እምብርቱ ሁለት ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። የሚሰሙት በሰከንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ብረት ነው።