የሸዋ ነገሥታትና የወላስማ ቤት፤ ሰባት ቤት ሲቆጠር

ከሠርጌ በፊት ሸዋሮቢት በሚገኙ ዘመዶቼ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ነበር። የአባቶቹ ስም እንደ ውኃ ወረደ። ሴት አያቶቼ ጋ ሲደርሱ ግን ሦስተኛዋ ላይ ቆሙ። «የእገሌ ሚስት» ተብላ ታለፈች። እርስዎስ የእናትዎን ሴት አያት ስም ያውቃሉ?

ልዕልት ዲያናና ዊንስተን ቸርችል ከአንድ የስፔንሰር ቤት መውጣታቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋሮቢት ሲወርዱ የሚያዩት የይፋት ቆላም የራሱ ታላላቅ ቤቶች አሉት።

ቀዳሚው የወላስማ ቤት ነው። ዑመር ወላስማ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ይህ የሙስሊም ሱልጣኖች ቤት እ.ኤ.አ. በ1285 ጎረቤቱን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ ግዛቱን ጠቀለለ። ዐፄ ዐምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል ሲያደርጉ እሱን አስረው ወንድሙን ጀማል አድዲንን ሾሙበት። ኋላም ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ተመልሰውም የአዳልን ሱልጣኔት አቆሙ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች የዚህን ቤት መቃብሮች በይፋት አግኝተዋል።

ሁለተኛው የሸዋ ነገሥታት ቤት ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር እንደሚወለድ ይነገራል። ነጋሲ፣ ሰብስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ፤ ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሲገዙ ማዕረጋቸው የሸዋና የይፋት ንጉሥ የሚል ነበር።

ዝርዝሩ ሲነበብ ሰላማዊ ይመስላል። ነገር ግን ለአንዱ ዙፋን ሲሰጥ ወንድሞቹና አጎቶቹ ጎንጮ በተባለ ምሽግ ይታሰሩ ነበር። ጠባቂያቸው ማን መሰልዎት? ወላስማ መሐመድ! የጥንቱ የሱልጣኖች ስም በሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋት ገዢ ማዕረግ ሆኖ ነበር። የነገሥታቱን ሥጋ ዘመዶች ቁልፍ የያዘው እሱ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው ሻለቃ ሃሪስ፣ ንጉሡ በመጨረሻ እስረኞቹን መፍታታቸውን በመጽሐፉ ጽፏል። አንድ ሰው ዕድሜውን በእስር የጨረሰው በሌላ ጥፋት ሳይሆን ከማን በመወለዱ ብቻ መሆኑ እኔን ያሳዝነኛል።

ሴቶቹስ? በአባቶች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ግን በልጃቸው ዘመን የሚፈሩና የሚከበሩ ባለ ሥልጣን ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ በዛብሽ ኃይለ መለኮትን ወለዱ። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደግሞ ራስ መኮንንን፣ የአድዋና የሐረርን ሰው፣ ወለዱ። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከሸዋ ነገሥታት የሚቆጠሩት በእኚህ ሴት አያታቸው በኩል ነው። የአባቶቹን ስም ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ መስመር ይጠፋዋል።

ከሠርጉ በኋላ ሸዋሮቢት ላሉ አንዲት አክስቴ ስልክ ደወልኩ። የዚያችን የተረሳችውን አያት ስም እሳቸው ያውቁ ኖሯል። ለምን በሽምግልናው ቀን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።