አሮጌ ብስክሌት ለረጅም መንገድ

ግቢያችሁ ጥግ፣ ከደረጃው ስር ወይም ከመኪናው ኋላ አቧራ የለበሰ ብስክሌት አለ? እናንተ ጋ ባይኖር ጎረቤት ቤት አይጠፋም። ቆራሌው በበራችሁ ባለፈ ቁጥር «ይሄን እንስጠው እንዴ?» ሳትባባሉ አልቀራችሁም። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት።

የተወለድኩት ሐዋሳ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ በልጅነታችን ብስክሌት መንዳት የማይችል የሰፈር ልጅ ማግኘት ይከብድ ነበር። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከሥራ ሲመለስ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «ወደፊት እይ እንጂ ወደ እግርሽ አትይ!» ይለኝ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ሻንጣና ብርድ ልብስ ተገዛልኝ፤ የኪስ ገንዘብም ተሰጠኝ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። አባዬ ብስክሌቱን ሸጦ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥቶ አላየሁትም።

70ኛ ዓመቱ ሲቃረብ ምን ስጦታ ልውሰድለት እያልኩ ስጨነቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በብስክሌት እሄድለታለሁ! አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁሉንም ልንዳው አላልኩም፤ አቅሜን አውቃለሁ። እስከ ባቱ (ዝዋይ) በመኪና፣ የቀረውን ወደ 110 ኪሎ ሜትር ደግሞ በሁለት ቀን። ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጃችን በመኪና ሊከተሉኝ ተስማሙ። የቀረው ብስክሌቱ ነበር።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

አዲስ ለመግዛት ጠየቅሁና ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ። በመጨረሻ ከአንድ ጎረቤት 26 ኢንች ጎማ ያለው ባለ ማርሽ ማውንቴን ባይክ በ7,500 ብር ገዛሁ። ይህን የጎማ መጠን የመረጥኩት መለዋወጫው በትንሽ ከተማም ስለሚገኝ ነው።

አሮጌ ስትገዙ መጀመሪያ አጽሙን እዩ። ብየዳ ያለባቸውን ቦታዎች፣ በተለይ ከመሪው ስርና ከመቀመጫው በታች፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የተሰነጠቀ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ቀጥሎ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቸርኬው ጠሟል ማለት ነው። ከዚያ በሁለት እግራችሁ መሬት ረግጣችሁ ከላይኛው ብረት ግራና ቀኝ ቁሙ፤ በብረቱና በሰውነታችሁ መካከል ሦስት አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ብስክሌቱ የእናንተ ልክ አይደለም። የተሰረቀ እንዳይሆን ደግሞ ሻጩን የምታውቁት ወይም ደረሰኝ ያለው ይሁን።

የኔ ስህተት

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ዕቃ መጀመሪያ የሚሸጠው በማሸጊያው ነው እየተባልኩ ተምሬ አድጌያለሁ። እናም ብስክሌቱን እንደገዛሁ 1,500 ብር ከፍዬ ቀለም አስቀባሁት። ሰማያዊ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

በሳምንቱ እሁድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ለቀቅሁት። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ፍሬኑን ስጨብጥ «ጧ!» አለና እጄ ባዶ ቀረ። የዛገው ገመድ ተበጥሷል። የፊተኛውም በደንብ አይዝም። እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ፣ ሰው ሽሽ እያልኩ ወርጄ ያዳነኝ ለግንባታ የተደፋ የአሸዋ ክምር ነው። ክርኔና ጉልበቴ ተላጡ እንጂ ሌላ አልሆንኩም። ቤት ስገባ ግን ልጄ ደሙን አይታ አለቀሰች፤ ባለቤቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። ጉዞው የቀረ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ነው። ዙሪያውን አየና «እህቴ፣ ቀለሙ እኮ አያቆምሽም» አለኝ።

ቅደም ተከተሉ

እሱ ያስተማረኝ ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ገንዘባችሁ አጭር ከሆነ በተለይ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ፍሬን። የቆመ ብስክሌት ገመዱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከላይ ደህና ቢመስልም ከነሽፋኑ ቀይሩት። ላስቲኩ ሲጨበጥ የሚነካው ቸርኬውን ብቻ ይሁን፤ ጎማውን ከነካ መንገድ ላይ ይበሳዋል።

ሁለተኛ፣ ጎማ። ለዓመታት የቆመ ጎማ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ለአስፋልት ጥርሱ ያልጎላ፣ ለስለስ ያለ ጎማ ያቀልላችኋል። ምን ያህል አየር እንደሚችል ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለት። ማስመሪያ አምጡና 24 የሰንሰለት ዓይን ከፒን እስከ ፒን ለኩ። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከዚያ በ1.5 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ቀይሩት፤ አለበለዚያ የማርሹን ጥርስ ይበላዋል።

አራተኛ፣ ኩሽኔታ። የደረቀው ግሪስ በነጭ ጋዝ ታጥቦ በአዲስ ይተካል። ስትፈቱ ከስሩ ጨርቅ አንጥፉ። ከኋላው ጎማ በእያንዳንዱ ጎን አብዛኛውን ጊዜ 9 ኳሶች ይወጣሉ፤ እኔ አንዷን አልጋ ስር ገብቼ ነው ያገኘኋት። ይህን ሥራ ከልጃችሁ ጋር ሥሩት። ልጄ ኳሶቹን በጨርቅ እየጠረገች ስትቆጥር ያ የአሸዋው ቀን ፍርሃቷ ለቀቃት።

በመጨረሻ ምቾት። ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዛችሁን ብታስቀምጡበት ጉልበታችሁ የሚዘረጋ ከሆነ የመቀመጫው ከፍታ ልክ ነው። ለሁሉም፣ ከእጅ ዋጋ ጋር፣ 6,200 ብር ወጣብኝ። ቀለሙን ሳይጨምር!

ከመንገዱ በፊት

ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ተለማመድኩ። የኮሪደር ልማቱ ያመጣቸው የብስክሌት መንገዶች ለጀማሪ ጥሩ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ዕቃ ጭኜ ነዳሁ፤ ብስክሌት ሲጫን ጠባዩ ይለወጣልና። ሻንጣውን ጀርባችሁ ላይ አትሸከሙ። ከኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ግራና ቀኙን አመጣጥኑት። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መጣበቂያ፣ የጎማ መንፊያና ቁልፎች አይለዩዋችሁ። የራስ ቁርና አንፀባራቂ ሰደርያ የግድ ነው። ብስክሌት ወደ ፈጣን መንገዱ አይገባም፤ በነባሩ ነው የምትሄዱት። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባቱ እስከ ሐዋሳ

ከባቱ የተነሳሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳይጠነክር ላንጋኖ ደረስንና እዚያው አደርን፤ ልጄ ቡናማው ውሃ ውስጥ ስትንቦጫረቅ እኔ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ። በማግስቱ አቢጃታና ሻላ በስተቀኝ ናቸው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት እንዳለው ለልጄ በመስኮት በኩል ነገርኳት። ከዚያ ወደ አርሲ ነገሌ ዳገቱ ይጀምራል። ከ400 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። በትንሿ ማርሽ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በእግሬ እየገፋሁ ወጣሁት። ከሻሸመኔ በኋላ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስጨብጥ ቀጥ ብሎ ያዘ። ያን ልጅ በልቤ መረቅሁት።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከሳመኝ በኋላ ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ አነሳና በእጁ አሽከርክሮ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ኩሽኔታው ደህና ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እስኪ ቁልፍ አምጪ፤ መቀመጫው ለኔ ያጥራል።»

እስከ ማዶው ሱቅ ደርሶ ተመለሰ። እናቴ ከበሩ «ሰውዬ፣ ኋላ ወድቀህ!» እያለች ትጮኻለች፤ ልጄ ከኋላው ትሮጣለች። እኔ የተመለስኩት በመኪና ነው። ብስክሌቱ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ቆራሌው ሲመጣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጎማውን አንድ ጊዜ አሽከርክሩት።